የአያት ቀፎ

የዛፍ ላይ ቀፎ። የተፈለፈለ ግንድ፣ የሐረግ ማሰሪያ። ሚዛን ተፈሪ አካባቢ፣ ቤንች ሸኮ ዞን። የልጅ ልጆች ስጦታ።

አያታቸው ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ ያመጣልን ፎቶግራፍ ሳይሆን ይህን ነው። ያለው ፎቶግራፍ የመታወቂያ ነበር፤ እሳቸውን አይመስልም አሉን። ቀፎውን ግን በገዛ እጃቸው ነው የፈለፈሉት። በውስጡ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ሰም ነው፤ እንዲጸዳ ቤተሰቡ አልፈቀደም፤ እኛም ደስ አለን።

በደቡብ ምዕራብ ጫካ እንዲህ ያለ ቀፎ በመዓዛማ ቅጠል ይታጠንና ረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የንብ መንጋ ይጠብቃል። ማሩ በአብዛኛው የሚቆረጠው ሌሊት ነው፤ ቆራጩ የሚጤስ ችቦ ይዞ ይወጣል። ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘው ማር ነጭ ነው።

ከቀፎው የሚበልጠው ውርስ ግን ጫካው ነው። በሸካ ዞንና በአጎራባቾቹ «ኮቦ» በሚባለው ልማድ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ይዞታ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ዛፉን ለመቁረጥ አይቸኩልም። ዩኔስኮ የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ኮቦ ከዚያ በፊት የኖረ ነው። የእኚህ አያት ይዞታ አሁን በልጅ ልጃቸው እጅ ይገኛል፤ ቀፎ የሚሰቅለውም እሱ ነው።