የንጉሡን ፊት የሣለው ማን ነው?

ሰሞኑን ከአዳማ ወደ አሰላ ስጓዝ ደራ ላይ ወርጄ ሻይ ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ምስል ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ቀና ብሎ አየውና «ለመሆኑ ንጉሡን ፊት ለፊት አይቶ የሣላቸው ሰው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ መራር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ግን የጠላት እጅ ፊታቸውን ሥሏል። ከሣሉት አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። የሙታኑን ንጉሥ ፊት በወረቀት ያስቀረው ይህ ሰው ነገሥታቱ ለዘመቻ ያስከትሉት የነበረውን የክርስቶስ ሥዕል፣ «ኵርዓተ ርእሱ»ን፣ ለራሱ ይዞ ሄደ። አንድ ሥዕል ሠራ፤ አንድ ሥዕል ወሰደ።

የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ምስልም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። የሰባት ዓመቱን ሕፃን በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ ያነሣችው ስመ ጥሯ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። «ባሻ ፈለቀ» የተባለው ሞግዚቱ ሻምበል ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። ልዑሉ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንዘር ተቀበረ። በዚያን ጊዜ በዊንዘር የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ማን ይመስላችኋል? ያው ሆልምስ ነው! አጽሙ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እንደገና አልተቀበለውም።

እኛስ? በ1967 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ምስል ከየግድግዳው አወረድን፤ በኋላም ማርክስን፣ ኤንግልስንና ሌኒንን በአደባባይ ሰቀልን፤ በ1983 ዓ.ም. እነሱም ወረዱ። ዛሬም የምንከራከረው ማን ይሰቀል፣ ማን ይውረድ በሚለው ላይ ነው። ምስሉን ማን፣ መቼ፣ ለማን ብሎ ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ምስሉ ይውረድ አልልም። ከሥሩ ግን ማን እንደሣለውና በምን ቀን እንደተሣለ ይጻፍ። ያን ጊዜ ልጆቻችን ጀግናውን ብቻ ሳይሆን የተዘረፍንበትንም ቀን አብረው ያዩታል። የደራው ወጣት የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ቸር እንሰንብት።