«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በመልካሳ በኩል አልፎ ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደው አዋሽ ከባሕር አይደርስም፤ ጉዞው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። አገሪቱም ብትሆን ኤርትራ በፌዴሬሽን እስከተቀላቀለችበት እስከ 1952 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለረጅም ዘመን ከባሕር ተለይታ ኖራለች። በ1955 የባሕር ኃይል ሲመሠረት ምጽዋን የመሰለ ወደብ ነበር፤ የባሕር ሙያ ግን ከመሠረቱ መጀመር ነበረበት። ትምህርቱ በኖርዌይና በእንግሊዝ መኮንኖች እርዳታ ተጀመረ። ሆኖም በክፍል የተማረ ዕጩ መኮንን ሙያውን የሚፈትንበት ትልቅ መርከብ ያስፈልገው ነበር።

ይህችም መርከብ በጥር 1962 ከአሜሪካ በውሰት ተገኘች። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ሲሆን፣ በ1942 ባሕር ላይ ወርዳ በ1944 አገልግሎት ጀምራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፊሊፒንስ ዘመቻ ተካፍላለች፤ በጥር 1945 ወደ ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ስትጓዝ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን ከአጠገቧ ወድቋል። ከጦርነቱም በኋላ በ1946 በቢኪኒ በተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ላይ ተገኝታለች።

የተሠራችበት ዓላማ ግን ለውጊያ ብቻ አልነበረም። በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥይት ማቀበል፣ መጠገን፣ አብራሪዎቻቸውንም ማሳደር ዋና ሥራዋ ነበር። በዚህም ምክንያት 95 ሜትር ያህል በሚረዝመው አካሏ ውስጥ ሰፊ ማደሪያና የጥገና ክፍል ነበራት፤ ጥልቀት በሌለው ወደብም መግባት ትችል ነበር። ለአብራሪዎች የተዘጋጀው ቦታ ለዕጩ መኮንኖች ተስማሚ ሆነ። «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋናና የሥልጠና መርከብ የሆነችውም ስለዚህ ነው።

በ1983 እና በ1984 ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ሁለት የፔትያ ዓይነት መርከቦች በፍጥነትና በመሣሪያ ይበልጧት ነበር። ይሁን እንጂ የጦር መርከብ ዋጋ በመድፉ ብቻ አይለካም። ኮከብ አይቶ አቅጣጫ መለየት፣ ሞተር ሳይቋረጥ ሌሊቱን መጠበቅ፣ በማዕበል ውስጥ ትእዛዝ መስጠትና መቀበል ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ ቀዳሚው ለተከታዩ በመርከብ ላይ የሚያስረክበው ነው።

ምጽዋ በየካቲት 1990 ከመንግሥቱ ጦር እጅ ወጣች። በግንቦት 1991 ሥርዓቱ ሲወድቅ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1993 መርከቧ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ።

ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር ተስማምታለች። የአሮጌዋ መርከብ ታሪክ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መርከብ በውሰትም በግዢም ይገኛል፤ ባለሙያ ግን ትውልድ ከትውልድ ሳይቆራረጥ ሲማማር ብቻ ይፈጠራል። በየመን ከተሸጠው ብረት ይልቅ ሊቆጭ የሚገባው የዚያ ርክክብ መቋረጥ ነው።