የድርሻው ባለቤት ማን ነው? የኔትወርክ መስመር ክፍፍል ታሪክ

በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ መረጃ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ ላኪዎች የመጡ ፓኬቶች በአንድ መስመር ለማለፍ ራውተር በተሰኘው አስተላላፊ መሣሪያ ላይ ወረፋ ይይዛሉ። የቀደሙት ራውተሮች ቀድሞ የደረሰውን ቀድመው ያሳልፉ ነበር። ይህ ሥርዓት ላይ ላዩን አድልዎ የሌለበት ቢመስልም፣ ብዙ የላከ ኮምፒውተር ብዙ የወረፋ ቦታ ስለሚይዝ፣ በተግባር የሚሸልመው ስግብግቡን ነው።

ጉድለቱን አጥርቶ ያሳየው በፎርድ ኤሮስፔስ ይሠራ የነበረው ጆን ኔግል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985፣ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ሐሳብ በሚለዋወጡባቸው ተከታታይ ሰነዶች ውስጥ በቁጥር 970 በወጣው ጽሑፉ፣ ወሰን የሌለው ማኅደረ ትውስታ ያለው ራውተር እንኳ ከመጨናነቅ እንደማይድን አስረዳ፤ እያንዳንዱ ፓኬት የተወሰነ ዕድሜ ስላለው፣ ወረፋው ሲረዝም ፓኬቶቹ ተራቸው ሳይደርስ ጊዜያቸው ያልፍባቸዋልና። መፍትሔ አድርጎ ያቀረበውም ለእያንዳንዱ ላኪ ኮምፒውተር የራሱን ወረፋ መስጠትና ከየወረፋው አንድ አንድ ፓኬት በዙር ማሳለፍ ነበር። በዚህ አሠራር ከመጠን በላይ የሚልክ ኮምፒውተር የሚያስረዝመው የራሱን ወረፋ፣ የሚያዘገየውም ራሱን ብቻ ነው። የሐሳቡ ጥንካሬ ከላኪው ጨዋነትን አለመጠበቁ ላይ ነው፤ ራስ ወዳዱ ለጥቅሙ ሲል አደብ እንዲገዛ ያደርገዋል።

ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል ባለው ከ400 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ የመረጃው ፍጥነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው መድኃኒት ግን ራውተሩን ሳይሆን ላኪውን የሚያርም ነበር፤ ፓኬት መጥፋቱን ያወቀ ላኪ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያዛል። ኢንተርኔትን ያተረፈው ይኸው ዘዴ ቢሆንም፣ ትእዛዙን ችላ የሚል ላኪ ሲመጣ የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

የኔግል ዙርም አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ የሚቆጥረው ፓኬትን እንጂ መጠኑን ስላልነበረ ትልልቅ ፓኬት የሚልክ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 አለን ዴመርስ፣ ስሪኒቫሳን ኬሻቭና ስኮት ሼንከር፣ መስመሩ ቢት በቢት እየዞረ ቢያስተናግድ ኖሮ እያንዳንዱ ፓኬት መቼ እንደሚያልቅ እያሰሉ፣ ቀድሞ የሚያልቀውን ቀድሞ በማሳለፍ ቀዳዳውን ደፈኑት። ከስሌቱ የበለጠ የሚከብደው ግን ድርሻው ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ነበር። ለላኪ ቢሰጥ፣ ብዙዎችን የሚያገለግል የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር ከአንድ ተራ ተጠቃሚ እኩል ተቆጥሮ ይጎዳል፤ ለላኪና ለተቀባይ ጥንድ ቢሰጥ ደግሞ፣ ተንኮለኛው ወደ ብዙ መድረሻ በመላክ ድርሻውን ያበዛል። ሦስቱ ሰዎች ጉድለቱን እያወቁ ጥንዱን መረጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ሽሪድሃርና ቫርጊስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት፣ በዙሩ ያልተጠቀሙበትን የባይት ድርሻ ለሚቀጥለው ዙር የሚያሻግረው አሠራር፣ ስሌቱን አቀለሉት እንጂ ጥያቄውን አልነኩትም። እንዲያውም በአንድ ፕሮግራምና በሌላው መካከል የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ እንደ አንድ ፍሰት ቆጥሮ ድርሻ መስጠት ሲለመድ፣ የድረ ገጽ ማሰሻዎች በአንድ ጊዜ በርካታ ግንኙነት መክፈት ያዙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተስፋፋው የፋይል መለዋወጫ ዘዴ ቢትቶረንትም አንድን ፋይል ከብዙ ኮምፒውተሮች በአንዴ ይስብ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው ቦብ ብሪስኮ በፍሰቶች መካከል እኩልነትን መሻት መሠረት የሌለው እምነት ነው ሲል የጻፈው ይህንኑ ተመልክቶ ነው፤ ፍሰት እንደ ልብ የሚፈለፈል ነገር በመሆኑ ነቀፋው ተገቢ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሊኑክስ ወደተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የገባው ኬክ የተሰኘ የወረፋ ሥርዓት ሁለቱን መለኪያዎች ደራርቦ ይሠራል። አቅሙ በመጀመሪያ በኮምፒውተሮች መካከል፣ ቀጥሎም በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፍሰቶች መካከል ይከፈላል፤ በመሆኑም በሠላሳ ፍሰት ፋይል የሚያወርድ ላፕቶፕና በአንድ ፍሰት ድምፅ የሚያስተላልፍ ስልክ በአንድ ቤት ውስጥ እኩል መብት ይኖራቸዋል። ይህ የሚሠራው ግን ራውተሩ ኮምፒውተሮቹን ለይቶ ማየት እስከቻለ ድረስ ነው። የአራተኛው ሥሪት የኢንተርኔት አድራሻዎች በማለቃቸው አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ስለሚያሰባስቡ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ራውተር አንድ ሙሉ ሰፈር እንደ አንድ ኮምፒውተር ይቆጠራል።