የአንጀት ነቀርሳን አስቀድሞ የማወቅ ዘዴ ታሪክ

በዐይነ ምድሩ ላይ ደም ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። የሰውነቱ ክፍል ነውር ያለበት ነውና፥ ሕመሙ ካልጸና በቀር ለሐኪም ደፍሮ የሚናገር በየትም አገር ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ሕመም ሳይሰማው ደምም ሳያይ ጤነኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠውን ጎልማሳ ወደ መመርመር ሐኪሞች እንዴት እንደ ደረሱ፥ ለምንስ ያን ያህል ዘመን እንደ ፈጀባቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በለንደን ቅዱስ ማርቆስ የሚባል ሆስፒታል አለ። ፍሬድሪክ ሳልመን የተባለ ቀዶ ጥገና ሐኪም በ1835 በሰባት አልጋ ለድኾች የከፈተው ነው። (ዝነኛው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስም በ1841 በሳልመን እጅ ታክሟል፤ ሕመሙ ሀብታምና ድኻ አይለይም።) በዚሁ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ከስበርት ዱክስ በ1932 የትልቁን አንጀት መጨረሻ የሚይዘውን ነቀርሳ በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ በእንግሊዝ ፊደል ኤ፥ ቢ፥ ሲ ብሎ። ኤ ከአንጀቱ ግድግዳ ገና ያልወጣው፥ ቢ ግድግዳውን ያለፈው፥ ሲ ደግሞ በአካባቢው ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች የደረሰው ነው። ታካሚዎቹን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሏቸው፥ ነቀርሳው ኤ ሳለ ከተቆረጠላቸው ውስጥ በዚያ በሽታ በአምስት ዓመት ውስጥ የሞተ የለም ለማለት ይቻላል፤ ሲ ከደረሰባቸው ግን የተረፈው ከሦስቱ አንዱ ያህል ነበር። ሆስፒታሉም ቢላዋውም ያው ሆኖ ሳለ ነው።

በዓይን የማይታይ ደምን የማወቅ ብልሃት ግን ከዱክስ ይቀድማል። ጓያክ ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ሙጫ፥ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲጨመርበት፥ ደም ካለ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይህ በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ነበር፤ የሚሠራበት ግን ለታመመ ሰው ነው። በ1967 በኦሃዮ ክፍል በኮሎምበስ ከተማ የሚሠራው ሐኪም ዴቪድ ግሪጎር ሙጫውን ያጠጣ ወረቀት ለታካሚዎች ሰጥቶ የደረሰበትን ጽፎ አወጣ። ሰውየው በቤቱ ሆኖ ለሦስት ቀን ጥቂት ዐይነ ምድር እየቀባ ወረቀቱን ለሐኪሙ ይመልሳል። በነዚያ ቀናት ሥጋ አይበላም፤ የከብት ደምም ወረቀቱን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላልና። (ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ያገራችን ሰው የጾም ወራት ይመቹት ነበር።) በእኛ አስተያየት ግሪጎር የሚመሰገነው ከኬሚስትሪው ይልቅ በዚህ ነው፤ የሚያሳፍረውን ሥራ ከሐኪም ፊት አንሥቶ ወደ ባለቤቱ መጸዳጃ ቤት መለሰው። ከሁለት ዓመት በኋላም በኒውዮርክ ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ ኮሎኖስኮፕ በሚባለው ተጣጣፊ መሣሪያ፥ ሆድ ሳይቀደድ፥ ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ፖሊፕ በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ ነው፤ አንዳንዱ በብዙ ዓመት ውስጥ ነቀርሳ ይሆናል።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን ወዲያው ለሁሉ አልታደለም? በ60 ዓመቱ በነቀርሳ የሚሞት አንድ ሰው እናስብ። ደም አይቶ በ58 ቢመረመር ሁለት ዓመት ኖረ ይባላል። በወረቀቱ በ54 ቢታወቅበትና ያው በ60 ቢሞት ስድስት ዓመት ኖረ ይባላል፤ ያተረፈው ግን ጭንቀቱን ብቻ ነው። ይህን ስሕተት የሚያርቀው፥ የተመረመሩትንና ያልተመረመሩትን በዕጣ ለይቶ ሟቾቹን መቍጠር ነው። በሚነሶታ ይህ ሥራ በ1975 ተጀመረ፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ 46,551 ሰዎች ገቡበት። ውጤቱ የወጣው በ1993 ነው፤ በየዓመቱ በተመረመሩት ዘንድ በዚህ ነቀርሳ የሚሞተው ከመቶ 33 ያህል ቀነሰ። በ1996ም የእንግሊዙ ኖቲንግሃምና የዴንማርኩ ፊውን፥ በየሁለት ዓመቱ መርምረው፥ ከመቶ 15ና 18 መቀነሱን አስታወቁ።

ይህን መዘግየት የሚነቅፉ አሉ፤ እኛ ግን አንነቅፍም። ወረቀቱ ሰማያዊ የሆነበት ሰው ሁሉ ነቀርሳ የለበትም፤ ሆኖም አንጀቱን በመሣሪያ መታየት አለበት፤ መሣሪያውም አልፎ አልፎ አንጀት ይበሳል። ሳይታመም የመጣን ሰው ለዚህ ማጋለጥ ማስረጃ ይጠይቃል። የማናመሰግነው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እንግሊዝ የሙከራ ሥራ ጨምራ፥ ለሕዝቧ ምርመራውን የጀመረችው በ2006 ነው፤ ያውም ከ60 እስከ 69 ላሉት ብቻ። ዛሬ ከ50 እስከ 74 ደርሷል፤ ከ2019 ጀምሮም የሰውን ደም ብቻ የሚለይ አዲስ ምርመራ የጓያኩን ወረቀት ተክቷል፤ ሥጋ መተውም ቀርቷል፤ የሚላከውም አንድ ናሙና ብቻ ሆኗል። በኖቲንግሃሙ ጥናት ከተጋበዙት ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወረቀቱን መልሰዋል፤ የቀሩት በቤታቸው ሆነው እንኳ አልመለሱም።

በአሜሪካ ደግሞ ከ50 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ በሽታው እየጨመረ ስለ ተገኘ፥ መጀመሪያው ዕድሜ በ2021 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተመከረ። ለዚህ ውሳኔ ዋናው መሠረት በስሌት የተሠራ ግምት ነው። ለ50 ዓመቱ ሰው ሟች እስኪቈጠር 18 ዓመት ተጠብቆ ነበር፤ የ45ቱ ግን አልተጠበቀም።