የተራዘመ የመኪና ዋስትና

የተራዘመ የመኪና ዋስትና የፋብሪካው ዋስትና ካበቃ በኋላ መኪናው ሲበላሽ የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን ለብቻው የሚገዛ ውል ነው። ስሙ ዋስትና ይባል እንጂ በአሜሪካ ሕግ ዋስትና አይደለም። ዋስትና በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተካትቶ የሚሰጥ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት «የአገልግሎት ውል» ነው። ሁለቱን የሚለየው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ነው። ውሉ ከመኪና ኢንሹራንስም ይለያል፤ ኢንሹራንስ ግጭትና ስርቆትን የመሳሰሉ አደጋዎችን ሲሸፍን፣ ይህ በራሱ ጊዜ የተበላሸን ክፍል ይመለከታል። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው ውሉ በስፋት በሚሸጥበት በአሜሪካ ገበያ ላይ ነው።

ከፋብሪካው ዋስትና ጋር መደራረብ

እንደ ቶዮታና ሆንዳ ያሉ አምራቾች በአሜሪካ ለሚሸጡት አዲስ መኪና ለአብዛኛው ክፍል የ3 ዓመት ወይም የ36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ይሰጣሉ። ከዓመቱና ከማይሉ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃል። ሃይንዳይና ኪያ የመጀመሪያ ባለቤት ለሆነ ሰው የሞተርና የካምቢዮውን እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ያደርሱታል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪም አብዛኛውን ጊዜ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና አለው።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ መኪና ጋር «የ7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል» ውል ሲሸጥ፣ ቆጠራው በአብዛኛው የሚጀምረው መኪናው ከተገዛበት ዕለት እንጂ የፋብሪካው ዋስትና ካበቃበት ቀን አይደለም። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው 36,000 ማይል የሚሞላው በ3ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ የ7 ዓመቱ ውል በተግባር የሚሠራለት 4 ዓመት፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ 2 ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ፋብሪካው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሸፍኖታል። ሃይንዳይ ወይም ኪያ ለገዛ ሰው ደግሞ ውሉ ለሞተሩ ምንም አይጨምርም።

በዓመት 30,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ስሌቱ ይለወጣል። የፋብሪካው ዋና ዋስትና በ14 ወር ገደማ ያልቃል፤ ውሉም በ3 ዓመት ከ4 ወር 100,000 ማይል ሞልቶ ያበቃል። እንዲህ የሚነዱት አብዛኛውን ጊዜ በመኪናቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በታክሲና በኡበር ሥራ የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስላሉ ነጥቡ እነርሱንም ይነካል፦ ብዙ ውሎች መኪናው ለንግድ ከዋለ አይከፍሉም። ሰው አሳፍሮ ማስከፈል እንደ ንግድ መቆጠር አለመቆጠሩን ሻጩ በቃል የሚናገረው ሳይሆን በውሉ የተጻፈው ይወስነዋል።

ዋጋውና ብድሩ

ሻጩ ከሚሰበስበው ገንዘብ ላይ ጥገናውን፣ የአስተዳደር ወጪውን፣ ኮሚሽኑንና ትርፉን መሸፈን አለበት። በመሆኑም ገዢዎች በአማካይ ከከፈሉት ያነሰ ይመለስላቸዋል። ይህ ብቻውን ውሉን መጥፎ አያደርገውም፤ ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። ድንገት 4,000 ዶላር ክፈል ቢባል መኪናውን ለማቆም የሚገደድ ሰው ውሉን ቢገዛ ምክንያት አለው። መጠባበቂያ ያለውና ብልሽት የማያበዛ ሞዴል የገዛ ሰው ግን ያንኑ ገንዘብ በባንክ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ መኪናው ካልተበላሸ ገንዘቡ የራሱ ሆኖ ይቀራል።

ውሉ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የብድር ወረቀት በሚፈረምበት ክፍል ውስጥ፣ በወር ክፍያ ተሰልቶ ነው። ለምሳሌ 2,400 ዶላር በ9 ከመቶ ወለድ ለ72 ወር ከመኪናው ብድር ጋር ቢደመር በወር 43 ዶላር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ድምሩ ግን ወደ 3,115 ዶላር ይደርሳል። ዋጋው በአብዛኛው ለድርድር ክፍት ነው፤ በዚያው ቀን የመወሰን ግዴታም የለም፣ የፋብሪካው ዋስትና ሳያበቃ በሌላ ቀን ሊገዛ ይችላልና። «ባንኩ ካልገዛህ አያበድርህም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ባንኩን ራሱን መጠየቅ ነው።

የማይሸፈኑ ነገሮች

የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ የዝናብ መጥረጊያና ሌሎች በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች በተለምዶ አይካተቱም፤ ዘይት መቀየርም እንዲሁ። ዘይት በወቅቱ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ የሌለው ሰው ሞተሩ ሲበላሽ ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ስለሚችል ደረሰኝ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከ1975ቱ ሕግ የተነሣ፣ መደበኛ ጥገና ከሻጩ ውጪ ባለ ጋራዥ ስለተደረገ ብቻ የፋብሪካው ዋስትና አይፈርስም። የተገዛው ውል ግን የትኛው ጋራዥ እንደሚሠራ ሊገድብ፣ ለእያንዳንዱ ጥገናም ባለመኪናው የሚከፍለው ድርሻ ሊወስን ይችላል።

ከውሉ ጀርባ ያለው ድርጅት

ውሉን የመኪናው አምራች ራሱ ወይም ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌለው ድርጅት ሊሰጠው ይችላል። የኋለኛው ከከሰረ ውሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል ክፍያውን የሚያረጋግጥ የኢንሹራንስ ኩባንያ መኖሩን ማየት ተገቢ ነው። በሚዙሪ ግዛት የነበረው ዩኤስ ፊደሊስ የተባለ ትልቅ የውል ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2010 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። በ2024 ደግሞ ካርሺልድ የተባለው ድርጅት፣ ማስታወቂያው አሳሳች ነው በሚል የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ላቀረበበት ክስ ከአጋሩ ጋር 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

«የመኪናዎ ዋስትና ሊያበቃ ነው» የሚሉት የተቀዱ የስልክ ጥሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአምራቹ ጋር አይገናኙም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሐምሌ 2022 የስልክ ኩባንያዎች እንዲህ ያሉ ጥሪዎችን እንዲዘጉ አዟል፤ በቀጣዩ ዓመትም ከጥሪዎቹ ጀርባ በነበረው ቡድን ላይ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሏል።