የጨዋታ ሜዳና የወጣት ጉልበት በጎጃም

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ላይ ነው፤ የጨዋታው ሜዳ ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል። ነገር ግን በጦር ሜዳ የተመሰገነው ጎልማሳ አስቀድሞ በጨዋታ ሜዳ ያደገ ልጅ መሆኑን ብናስብ፣ አባቶቻችን ወጣቶቻቸውን በምን ሥርዓት ያጫውቱ እንደ ነበር መጠየቅ ከከንቱ ነገር የሚቆጠር አይሆንም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጠይቀን፣ ለዛሬው ትውልድ የሚተርፍ ምክር ይገኝበት እንደ ሆነ እንመለከታለን።

ከይጁቤ እንነሣ። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ከደጋው ወደ ዓባይ በረሓ እየወረደ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በገጠሩ ለሚያድግ ልጅ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወንዱ ከብት ሲያግድ፣ ሴቷ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ይውላሉ፤ ትምህርት ቤት ለመድረስም ረጅም መንገድ በእግር ይሄዳሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰውነትህን አንቀሳቅስ» ብሎ መምከር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ታዲያ አባቶቻችን በሥራ ለደከመ ልጅ ጨዋታን ስለ ምን በሥርዓት አበጁለት? ሥራ ጡንቻን ቢያጠነክርም፣ ከእኩያ ጋር መተባበርን፣ ሕግ ማክበርንና ሽንፈትን በደስታ መቀበልን ብቻውን አያስተምርም። ይህን የሚያስተምረው ጨዋታ ነው።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ መከሩ በሚሰበሰብበትና መስኩ በሚደርቅበት ወራት፣ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ተጫዋቹ በሁለት ወገን ተከፍሎ ጥንጓን ወደ ባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይሻማል። የተጫዋቹ ቍጥር ስላልተወሰነ፣ ዱላ ያለው ሁሉ ይገባል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው የቆየ አነጋገርም ዝም ብሎ የተነገረ አይደለም፤ በዚያች ቀን ሎሌው ከጌታው ጋር እኩል እንዲሻማ የሚፈቅድ ሕግ ነበረና።

ገና ሲያልፍ ጥምቀት ይመጣል፤ ከጥምቀትም ጋር የፈረስ ጉግስ አለ። ፈረሰኛው በትሩን ወርውሮ፣ የተወረወረበትን በጋሻው መክቶ፣ ፈረሱን በአንድ እጁ የሚገዛበት ጨዋታ ለጦርነት ዝግጅት እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ. ም. ወደ ዐድዋ ያዘመቱት የጎጃም ሠራዊት በእንዲህ ያለ ጨዋታ ካደገ ሕዝብ የወጣ ነበር። በአዊ ምድር በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ይህን ታሪክ በማሰብ እስከ ዛሬ ጥር 23 ቀንን በእንጅባራ በፈረስ ትርኢት ያከብራል። ጨዋታ ማኅበር ሲኖረው ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

እረኛው በቡሄ ጅራፉን ሲያጮህ፣ ልጃገረዶች ደግሞ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ለመንቀል ወደ መስክ ይወጣሉ፤ ይዘፍናሉ፣ ይዘላሉ፣ የነቀሉትንም ሣር ጎንጉነው ለአዲሱ ዓመት ያዘጋጁታል። ነገር ግን እዚህ ላይ የአባቶቻችንን ጉድለት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ለወንዱ የዓመቱ በዓላት ሜዳ ሲሰጡት፣ ለሴቷ የተፈቀደላት ጥቂት ቀን ነበር። ከእነዚያ ቀኖች በኋላ ወፍጮውና እንስራው ይጠብቋታል፤ ብዙዋም ገና በልጅነቷ ትዳር ስለምትገባ የጨዋታዋ ዘመን ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

እንግዲህ የቀድሞውን ሥርዓት ጠቅለል አድርገን ስናየው በሦስት ነገር የቆመ ነበር፤ ማንም የማያርሰው ሜዳ፣ ሁሉ የሚያውቀው ቀን፣ ትልቁም ትንሹም የሚገዛበት ሕግ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የሰውነት ማጎልመሻን ትምህርትና የእግር ኳስን ጨዋታ ይዞ መጣ እንጂ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች አልሻራቸውም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሜዳ ሆነ፤ የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ቀን ሆነ፤ የመምህሩ ፊሽካም ሕግ ሆነ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮማ ጐዳና በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ሲወስድ፣ በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሩጫ የድኻ ልጅ ተስፋ ሆነ። በአርሲ በምትገኘው በቆጂ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ የገጠር ልጆችን ሰብስበው በማለዳ ማሠልጠናቸው ምን ፍሬ እንዳፈራ ዓለም ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ. ም. በባርሴሎና ወርቅ ስታገኝ፣ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሆነች፤ እርሷም የበቆጂ ልጅ ናት።

ጎጃምም ከዚህ ዕድል አልራቀም። ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ. ም. በበርሊን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በሴቶች 10,000 ሜትር ሩጫ የብር ሜዳልያ ያገኘችው መሰለች መልካሙ የደብረ ማርቆስ፣ የነሐስ ያገኘችውም ውዴ አያሌው የሰከላ ተወላጅ ናቸው። አያቶቻቸው ከእንግጫ ነቀላ ቀን በቀር ሜዳ ያልተሰጣቸው ሴቶች የልጅ ልጆች በዓለም አደባባይ ቆሙ ማለት ነው። ሜዳውን ቢሰጧት ሴቷ ምን ልታደርግ እንደምትችል ከዚህ ወዲያ ምስክር መፈለግ አይገባም።

ሆኖም ሜዳልያ የጥቂቶች ነው፤ ጤና ግን የሁሉ መሆን አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በየቀኑ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እንዳለበት ይመክራል። የድርጅቱ ሊቃውንት በ146 አገሮች ያሉትን ተማሪዎች መርምረው በ2012 ዓ. ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከመቶ 81ዱ ይህን እንደማያደርጉ አስታውቀዋል፤ ከወንዶቹ ከመቶ 78፣ ከሴቶቹ ከመቶ 85 ማለት ነው። ያ የአባቶቻችን ጉድለት ዛሬም በዓለም ሁሉ አለ።

በአገራችን ለዚህ መድኃኒት የተፈለገው በሕዝባዊ ሩጫና በማኅበራዊ ስፖርት ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ. ም. በ10,000 ሯጮች በአዲስ አበባ ተጀመረ። በ2011 ዓ. ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተወሰነ እሑድ መኪና ቆሞ ጐዳናው ለእግረኛና ለልጆች ተለቀቀ። ሰዎች ይህን እንደ አዲስ ነገር ተቀበሉት፤ እኛ ግን የጥንቱን ሥርዓት እናይበታለን። ሜዳ ለጠፋበት ከተሜ ጐዳናው ሜዳ ሆነለት፤ ቀንም ተቈረጠለት።

አሁን ወደ ይጁቤ እንመለስ። ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ ስንቅ እያመጣ የሚማረው ልጅ በከተማ ሲኖር ዳገቱንና መስኩን ትቶ ነው። ቀን ከወንበር፣ ማታ ከመጽሐፍ ወይም ከስልክ ጋር ይውላል። እርሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሹሙ በከተማው ካርታ ላይ አንዲት ሜዳ ለይቶ ለቤት መሥሪያ እንዳትሰጥ ቢጠብቃት፤ መምህሩ ቅዳሜን ወይም ሌላ ቀን ቈርጦ ባያስተጓጉላት፤ ሽማግሌውም ሴት ልጁን ከወንድ ልጁ እኩል ወደ ሜዳ ቢልካት ነገሩ ይፈጸማል።

አባቶቻችን የሚያርሱት መሬት ሲጠባቸው እንኳ የገናውን መስክ ለልጆቻቸው ይተዉ ነበር። እኛ ከእነርሱ የተሻለ እውቀት አለን ካልን፣ ሜዳውን ልናጠብ ሳይሆን ለሴቷም ልናሰፋው ይገባናል።