የአዊ ደጋ፤ ከፍታው፣ ዝናሙና አፈሩ

ስለ አዊ አገር የጻፉ የውጭ ሰዎች ዓይናቸው ያረፈው ብዙውን ጊዜ ከምንጩ ላይ ነው፤ ይኸውም ከአዊ በስተምሥራቅ በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ከምንጩ ይልቅ ከፍታውን ለመመልከት አስበናል፤ ምንጩንም፣ እርሻውንም፣ የአፈሩንም ችግር ያመጣው ከፍታው ነውና። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

የኢየሱሳውያኑ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግሽን ያየው በ1618 ነው። በ1770 የደረሰው ጄምስ ብሩስ ግን ባሮሜትር ይዞ ነበር። ባዜቃው 22 ኢንች ላይ ቢቆምለት፣ ቦታው ከባሕር ወለል 2 ማይል ገደማ፣ ማለት 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ብሎ ጻፈ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግሽ 2,700 ሜትር ያህል ነው። የብሩስን 22 ኢንች በዛሬው ስሌት ብናየው ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሳተው መሣሪያው ሳይሆን ስሌቱ ነበር፤ ብሩስን ውሸታም ያሉት የአገሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡለት መልካም ነበር።

ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ሁለቱም ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ የሚርቁ ሲሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእንጅባራን ማሳ ውርጭ ይመታዋል። ሰው አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ዘንገና ሐይቅ የተኛበት ክብ ጉድጓድ ለዚህ ምስክር ነው።

በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የበለስን ቆላ አልፎ ከዚህ ደጋ ጋር ሲጋጠም፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውንም ያወርዳል። ዳንግላ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ከ2,000 በላይ ታገኛለች፤ አዲስ አበባ 1,200 ያህል ነው። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ይህን ክረምት በየዓመቱ ኖሮበታል። በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ብዙ ነገር አቆይቶልናል።

እነዚህ መንገደኞች ሁሉ ዝናሙ የሚሰጠውን አይተዋል፤ የሚወስደውን ግን አላጤኑትም። ብዙ ዝናም በብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ አሲድ ይቀራል። እንዲህ ባለው አፈር የተጨመረው ማዳበሪያ ፎስፎሩ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይያዛል፤ ገብሱም ይቀጭጫል። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ በማሳው የተከለው ከዚህ የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉ ከሰል ሆኖ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ገበሬውን በዚህ የሚወቅሱ አሉ፤ እኛ አንወቅሰውም። እህል እንቢ ባለው መሬት ላይ ገንዘብ የሚያመጣ ተክል አገኘ። ነገር ግን ማሳው ሁሉ በአንድ ዛፍ ሲሸፈን አደጋው አብሮ ይመጣል። ከ2020 ወዲህ ዋግ የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን አድርቆታል። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል፤ ያም ሁሉ ጭነት በክረምት ጭቃ የሚያዘውን መንገድ አልፎ ዳገቱን መውጣት አለበት።